ሐዋሳ ነኝ ያልኩባቸው ቀናት

ሐምሌ 4፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት 3 ሰ.

ውሃ መጣች። ሰባት ጀሪካን ሞላሁ፣ ወገቤ ተቆረጠ። አባባ ማልዶ ወጥቷል። ግቢው እንደተለመደው ነው፦ ጠርሙስ በማዳበሪያ፣ የተጨፈለቀ ፕላስቲክ፣ የዛገ ቆርቆሮ፣ መሃል ላይ ሚዛኑ። ሲዘንብ ስላደረ ከቆሼ፣ ከቆሻሻው ክምር በኩል ያ ሽታ መጥቷል። እማዬ አይሸተኝም ትላለች። እኔንም ድሮ አይሸተኝም ነበር። አራት ዓመት ህንድ ቆይቼ ስመለስ አፍንጫዬ እንደ አዲስ ጀመረ።

ሥራ የለም። ከተመለስኩ ሰባት ወር ሆነኝ። የፋርማሲ ዲግሪዬ አቻ ግምት ያስፈልገዋል ተብሎ ከመስኮት ወደ መስኮት ይንከራተታል። ትናንትም በሚቀጥለው ሳምንት ተመለሺ ተባልኩ።

ልብስ ልዘፍዝፍ።

ከቀኑ 9 ሰ.

ልብሱ እንደተዘፈዘፈ ቀረ። ሳማህ ጻፈች። ከአራት ወር ዝምታ በኋላ። አዲስ አበባ ነኝ ትላለች። ከእናቷ ጋር ትናንት ገብተዋል። ካምፓላ ያለው አጎቷ ፈቃድ እስኪጨርስላቸው እዚህ ይቆያሉ። ሰናይት፣ የት ነው ቤታችሁ? ልምጣ?

አንቺ አዲስ ደብተር ነሽ፣ ሳማህን አታውቂያትም። ሱዳናዊት ናት፣ የካርቱም ልጅ። አራት ዓመት አንድ ክፍል ኖርን፤ እሷ፣ እኔ፣ ኔፓላዊቷ ሱኒታ። ሦስት አልጋ፣ አንድ መስኮት። በመስኮቱ ያልተጣላንበት ቀን የለም። እኔ ይከፈት፣ ሱኒታ ይዘጋ፣ ሳ. መሃል ገብታ ዳኛ። ለሦስታችን አንድ ጥቁር ኮት ነበረን፤ ጥናት የሚያቀርብ ሰው ይለብሰዋል። ሱኒታን ሲሰፋት፣ እኔን ሲጠበኝ፣ ሳ.ን ልክ ሲሆናት። እንስቅ ነበር። እንዲህ ስቄ አላውቅም፣ እዚህም ሆነ እዚያ።

ሁለተኛ ዓመት ላይ ትንኝ የምታመጣው ትኩሳት ያዘኝ፣ ዴንጊ የሚሉት። በባጃጅ ሆስፒታል ያደረሰችኝ ሳ. ናት። አሥራ አንድ ቀን ተኛሁ፤ አሥራ አንዱንም ቀን አጠገቤ ወንበር ላይ አደረች። በዚያ መሃል ፈተና አለፋት። ዓመቱን ጠብቃ ነው የወሰደችው። አንድ ቀን እንኳ አንስታብኝ አታውቅም።

መልእክቷን ሳነብ ደስ አለኝ። እውነት ደስ አለኝ፣ ግማሽ ደቂቃ ያህል። ከዚያ ዓይኔ ማዳበሪያዎቹ ላይ አረፈ።

ምን ብዬ እንደመለስኩላት ልንገርሽ። ሐዋሳ ነኝ አልኳት። ሥራ ይዣለሁ፣ ሁለት ሳምንት ብቻ ታገሺኝ።

ሐምሌ 5፣ እሑድ

እንቅልፍ የለም። ለምን እንደዋሸሁ ላንቺ እንኳ ልንገርሽ፣ ላንቺ ካልነገርኩ ለማን።

የመጀመሪያው ሳምንት ነው። ሦስታችንም አልጋ ላይ ተቀምጠን ብስኩት እየበላን። ሱኒታ አባቶቻችሁ ምን ይሠራሉ አለች። የእሷ የት/ቤት ዳይሬክተር። የሳ. ሐኪም። ወደ እኔ ዞሩ። አባቴ ወልዴ ይባላል፣ ቆራሌው ነው፣ ከቀራንዮ እስከ ዓለም ባንክ በእግሩ እየዞረ አሮጌ ዕቃ ይገዛል አላልኩም። ቡና ላኪ ነው አልኩ። አፌ ላይ እንዴት እንደመጣ አላውቅም።

ውሸቱ ደግሞ ምግብ ይፈልጋል። ግቢ ጨመርኩለት። አቮካዶ ዛፍ ጨመርኩለት። ፎቶ አሳዪን ሲሉኝ አባቴ ፎቶ አይወድም አልኩ። ጦርነቱ ሲጀመር የሳ. አባት ካርቱም ውስጥ ሞተ። ያን ሰሞን አቅፋኝ እያለቀሰች አንቺ አባት አለሽ፣ ትልቅ ቤት አለሽ፣ አንድ ቀን ተሰድጄ እመጣብሻለሁ አለችኝ። ነይ አልኳት። ምን ቸገረኝ። ሱዳን ሩቅ ነበረች።

መጣች።

ሐምሌ 9፣ ሐሙስ

ያረፉት ጦር ኃይሎች አካባቢ አንድ ቤርጎ ነው። ከሰፈራችን ከአየር ጤና በታክሲ ሃያ ደቂቃ። መንገድ ካልተዘጋ አሥራ አምስት።

እናቷ፣ ሐጃ ሱዓድ፣ የቆየ ስኳር አለባቸው። ኢንሱሊናቸው እያለቀ ነው። ሳ. ፋርማሲ ገብታ ስሙን ስታሳይ የለም ይሏታል። በስልክ እረዳታለሁ። የትኛው ፋርማሲ፣ በምን ስም፣ ምን ያህል ልዩነት ቢኖረው ችግር የለም። ስልኩን ለፋርማሲስቱ ስጪው እላታለሁ፣ አነጋግረዋለሁ። ዛሬ ተገኘ። ሳ. አንቺ ባትኖሪ ምን እሆን ነበር አለችኝ።

ስልኩን ዘግቼ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ሌላ ብቻዬን የምሆንበት ክፍል የለንም።

ሐምሌ 13፣ ሰኞ፣ 7 ሰ.

ልያዝ ነበር።

አየር ጤና ፎቶ ኮፒ ላስደርግ ወጥቼ የድምፅ መልእክት ላኩላት። ሐዋሳ ሞቃት ነው፣ ሥራ በዝቶብኛል ምናምን። ከኋላዬ ወያላው "ጦር ኃይሎች! ጦር ኃይሎች! ሁለት ሰው!" እያለ ይጮሃል። ልኬው ነው የሰማሁት። ልሰርዘው ስል ሰምታዋለች።

ከአሥር ደቂቃ በኋላ ጻፈች፦ ሐዋሳም ውስጥ ጦር ኃይሎች የሚባል ሰፈር አለ?

አለ አልኳት። ስሙ በየከተማው አለ አልኳት።

እሺ አለች። እሺ ብቻ። ሳ. እሺ ብቻ ብላ አታውቅም፣ ሁልጊዜ ከኋላው የሆነ ቀልድ አለ።

ሐምሌ 17፣ ዓርብ

የሐጃን እግር ፎቶ ላከችልኝ። ከመንገድ ጀምሮ ቁስል ነበራቸው፣ ለልጃቸው ደብቀዋታል። አውራ ጣታቸው ጠቁሯል። ጥቁረቱ ወደ ላይ ይሄዳል።

ዛሬውኑ ሆስፒታል አልኳት። ነገ እንዳትዪ። ዛሬ።

ነይ አለችኝ። ሰናይት፣ ነይልኝ፣ ቋንቋ የለኝም። ፈቃድ ከልክለውኛል አልኩ። እንዴት ያለ መሥሪያ ቤት ነው አለች። አዲስ ነኝ አልኩ።

ከመስኮት ውጪ እማዬ ጠርሙስ ታጥባለች። አሁን ተነስቼ ብወጣ ከምሳ በፊት እደርሳለሁ። ተነስቼ ጫማዬን አደረግሁ። ተቀመጥኩ። አወለቅሁ።

ሐምሌ 20፣ ሰኞ

ሐጃ ከዓርብ ጀምሮ ተኝተዋል። ቀኑን ሙሉ ስልክ ነው። ካርድ ክፍል፣ ላቦራቶሪ፣ መድኃኒት ቤት፣ ተመልሶ ካርድ ክፍል። ሐኪሞቹ በእንግሊዝኛ ያናግሯታል፤ ዘበኛው፣ ጸሐፊው፣ ደም የሚቀዳው ልጅ ግን በአማርኛ ነው። ስልኩን ትሰጣቸዋለች፣ እኔ አስተረጉማለሁ። አንዱ ጸሐፊ ሰለቸው መሰለኝ፦

"እህት፣ አንቺ የት ነሽ?"

"ሐዋሳ።"

"ታዲያ እዚህ ዘመድ የላችሁም? ሰው ላኪላት እንጂ። በስልክ ማስታመም አለ እንዴ?"

ሳ. ምን አለሽ አለችኝ። ቆይ ጠብቂ ነው ያለው አልኳት።

ሐምሌ 21፣ ማክሰኞ፣ 12 ሰ.

ሄድኩ። እውነቴን ነው፣ ሄድኩ።

ከሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት አንዲት ጁስ ቤት አለች። በረንዳዋ ሥር ቆምኩ። ዶፍ። ንግግሬን አዘጋጀሁ። ከሐዋሳ አሁን መግባቴ ነው እላለሁ። ሻንጣሽስ ብትለኝ ቤት ጥዬው መጣሁ። ቤታችሁን ልይ፣ ልታጠብ፣ ልተኛ ብትለኝስ? እዚህ ላይ ሐሳቤ ቆመ። ግማሽ ሰዓት እዚያው ቆመ።

ከዚያ ወጣች። ሳ.። በሩ ላይ፣ ጃንጥላ የላትም። ከስታለች፣ ጉንጮቿ የሉም። ሻርፗ ወደ ኋላ ተንሸራቶ አላስተካከለችውም። ስልክ ደወለች። ኪሴ ውስጥ ስልኬ ተንቀጠቀጠ። አወጣሁት። ስሟ እጄ ላይ፣ ፊቷ ከመንገዱ ማዶ።

አላነሳሁም።

ደገመች። አላነሳሁም። ስልኳን ትንሽ አየችው፣ አንድ ነገር ፈለገች፣ ሌላ ቦታ ደወለች። የሆነ ሰው አነሳ። ስታወራ በአንድ እጇ ግድግዳውን ያዘች። ከዚያ ፊቷን ሸፍና እዚያው እርጥቡ ደረጃ ላይ ተቀመጠች።

ታክሲ ያዝኩ። የወያላው "የት ወራጅ?" ሦስት ጊዜ ተደግሞልኝ ነው የሰማሁት።

አባባ አልገባም። እማዬ ሰው ታሞብኝ ነው ብሎ ደውሏል ትላለች። ማን ታሞበት ይሆን።

ሐምሌ 22፣ ረቡዕ፣ 5 ሰ.

አባባ አሁን ገባ። ሙሉ ልብሱ እርጥብ ነው፣ የሆስፒታል ሽታ አለው። እማዬ ገበያ ነበረች። በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጫማውን እየፈታ፦

"ጓደኛሽ ደወለችልኝ" አለ።

ቁጥሩን ከየት አመጣችው? ከዚያ ታወሰኝ። ዴንጊው ጊዜ ሆስፒታሉ የቤተሰብ ስልክ ሲጠይቅ እኔው ሰጥቻታለሁ። እንዳትደውዪ ብዬ ለምኛት አልደወለችም ነበር። ቁጥሩን ግን አላጠፋችውም።

አባባ ቀስ ብሎ ነገረኝ። መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ነበር፣ አልገባኝም፣ ልዘጋው ነበር አለ። ሊዘጋው ሲል ልጅቱ በዓረብኛ ለራሷ ያ ረብ፣ አምላኬ ስትል ሰማ። ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ምን ሆነሽ አላት። በሱዳን ዓረብኛ። ሳ. መናገር አቅቷት አለቀሰች። ማዳበሪያውን አንድ ሱቅ በር ላይ ጥሎ ሄደ።

ይኼንንም አታውቂም። አባባ በወጣትነቱ ስድስት ዓመት ሱዳን ነበር። ገዳሪፍ ሰሊጥ አጭዷል፣ ካርቱም ወንዝ ዳር ጡብ ተሸክሟል። ሳ. በዓረብኛ የሚያናግራት ሰው አጥታ ስትብሰለሰል አንድም ቀን አባቴ ቋንቋሽን ያውቃል አላልኳትም። ቡና ላኪ ካርቱም ጡብ ሲሸከም ምን ይሠራል?

"ሐዋሳ ናት፣ ስልኳ አይነሳም አለችኝ" አለ አባባ።

አንዱን ጫማ አውልቆ አስቀመጠ።

"እኔም አዎ፣ ሐዋሳ ናት አልኳት። ኔትወርክ እያስቸገረ ነው አልኳት።"

የሁለተኛውን ጫማ ክር ፈታ።

"የቡናው ንግድ እንዴት ነው አለችኝ። ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን አልኳት።"

አልጠየቀኝም። ደረቅ ሸሚዝ ለብሶ አንድ ሰዓት ተኛና ተመልሶ ሄደ።

ቢሰድበኝ ምን ነበረ።

ሐምሌ 24፣ ዓርብ

የሐጃ እግር ከጉልበት በታች ትናንት ተቆረጠ። ሳ. ስትፈርም እጇን ይዞ የቆመው አባባ ነው። ሥራውን ትቷል። እዚያ ነው የሚውለው፣ ካርድ ክፍል እሱ ይሰለፋል።

ሳ. ለእኔ ትጽፋለች፣ ግን አጭር። ተቆረጠ። ነቃች። ትኩሳት አለ። ነይ ማለት ትታለች።

እማዬ ሾርባ ሠርታ በፔርሙዝ ሞላች። አንቺ ለምን አትወስጂም፣ ጓደኛዋ አንቺ አይደለሽም እንዴ አለችኝ። ነገርኳት። ሁሉንም፣ ከብስኩቱ ጀምሮ። አልጮኸችም። ክዳኑን ስታጠብቅ ቆየችና፦

"አባትሽን ቡና ላኪ አደረግሽው። እኔንስ?"

"አስተማሪ።"

እማዬ ስሟን ብቻ ነው መጻፍ የምትችለው። እሱንም ያስተማርኳት እኔ ነኝ፣ ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ።

ሳቀች። አጭር ሳቅ። ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ ፔርሙዙን ይዛ ወጣች። በሩን ቀስ ብላ ነው የዘጋችው።

ሐምሌ 27፣ ሰኞ

እማዬ በጠዋት መድኃኔ ዓለም ሄዳለች፣ ዓመት እስከ ዓመት ሃያ ሰባትን አታስታጉልም። እሷ ሳትመለስ አባባ ደወለ። ሐጃ ሱዓድ አረፉ።

መርዙ ወደ ደም ገብቶ ነበር። አባባ ጎረቤታችንን ሐጂን ይዞ ሄደ። ማጠቡን፣ ከፈኑን፣ ሰዉን ሐጂ ናቸው ያስተባበሩት። ከሰዓት ኮልፌ ሙስሊም መቃብር ተቀበሩ። የሰፈራችን ሰዎች አስከሬን ተሸከሙ። ያለ እነሱ ሳ. በዚህ ከተማ አንድም ሰው አልነበራትም።

አንድ ነበራት።

አባባ ሲመለስ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ውሃ ላሙቅ አልኩ። ተይው አለ።

ለሳ. አላህ ይዘንላቸው ብዬ ጻፍኩ። አጠፋሁ። ጻፍኩ። አጠፋሁ። ሐዋሳ ያለ ሰው እንኳ ለቀብር ይመጣል። አውቶቡስ አለ። ይህን እኔ ካወቅሁ እሷም ታውቃለች።

ሐምሌ 30፣ ሐሙስ፣ 10 ሰ.

አባባ ዛሬ ሥራ ጀመረ። ግቢ ውስጥ ጠርሙስ ይለያል፣ ቡናማውን ለብቻ፣ አረንጓዴውን ለብቻ። ሄጄ አጠገቡ ቁጢጥ ብዬ መለየት ጀመርኩ። ከተመለስኩ ጀምሮ ነክቼው የማላውቀው ሥራ። እጅሽን ይቆርጥሻል አለኝ። ግድ የለም አልኩ።

ብዙ ከለየን በኋላ፦

"አባባ፣ አፍሬብህ ነው።"

"አውቃለሁ" አለ። ቀና አላለም። "ከአውሮፕላን ማረፊያ ስትመጪ ነው ያወቅሁት። ዞር ዞር ብለሽ መኪናውን አየሽው፣ ከዚያ እኔን።"

የጎረቤት ፒካፕ ለምኖ ነበር የተቀበለኝ። ከኋላው ካርቶን ተጭኖ ነበር። እንዳላየ መስሎኝ።

ከዚያ ሳልጠይቀው ተናገረ። እኔም ዋሽቻለሁ አለ። ካርቱም ሳለሁ ለአባቴ ደብዳቤ ሳስጽፍ መደብር ውስጥ ነው የምሠራው፣ ጥላ ሥር ነኝ እል ነበር። ጡብ ትከሻዬን ልጦት።

ቀለል አለኝ። ይቅር ብሎኛል ብዬ ላለቅስ ስል ቀጠለ፦

"እኔ አባቴ እንዳያዝን ብዬ ነው። አንቺ ማን እንዳያዝን ብለሽ ነው?"

መልሴን አልጠበቀም። ማዳበሪያውን አስሮ ወደ ጥግ ጎተተው።

"ልጅቱ ብቻዋን ናት" አለ ጀርባውን ሰጥቶኝ። "ቤርጎው ክፍል 9።"

ነሐሴ 1፣ ዓርብ፣ 11 ሰ.

ሄድኩ። ሳልቆም፣ ሳልዘጋጅ። ፍልሰታ ገብቷል፣ ታክሲው ውስጥ ነጭ የለበሰ ሰው ብዙ ነው። በሩን አንኳኳሁ።

ሳ. ከፈተች። አቀፍኳት። እጆቿ ወደ ላይ አልተነሱም።

አንድ አልጋ ላይ የሐጃ ልብስ ታጥፎ ተደርድሯል። ሌላው ላይ ተቀመጥን፣ በመካከላችን አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ክፍተት። ያለፈውን ሁሉ፣ ምንም ሳላስቀር ነገርኳት። ሐዋሳ አልነበርኩም። ቡናም የለም፣ ዛፍም የለም። ማክሰኞ ዕለት ከመንገዱ ማዶ ቆሜ ነበር። ስትደውዪ አይቼሻለሁ።

የመጨረሻውን አታውቅም ነበር። ፊቷ ላይ አየሁት። ሌላውን ግን ታውቃለች።

"ጦር ኃይሎች የሚለውን የሰማሁ ዕለት ነው ያወቅሁት" አለች። "የቤርጎው ልጅ በመላው ሐዋሳ እንዲህ የሚባል ሰፈር የለም አለኝ። ታፍራለች፣ የሆነ ምክንያት አላት ብዬ ጠበቅሁሽ።"

"ስለ አባባስ?"

"እጁን ያዝኩት እኮ። ስፈርም። እንደዚያ ያለ እጅ ያለው ቡና ላኪ የለም።" ወደ ታጠፈው ልብስ አየች። "እናቴ ወደደችው። በመጨረሻዋ ቀን ስለ ወንዙ ሲያወሩ ነበር። ጡቡ የት እንደሚጫን፣ የትኛው ዛፍ ሥር ሻይ እንደሚሸጥ። ሰፈራችንን ያውቀዋል። አንቺ ይህን አራት ዓመት ከእኔ ደበቅሽው።"

ይቅር በዪኝ አልኩ። እንግሊዝኛው ቀለለብኝ፣ በአማርኛም አልኩት።

"አባትሽ ምንም ቢሆን ግድ የለኝም ነበር" አለች። "ማወቅ የሚያቅተኝ፣ እኔ ማን መስዬሽ ነው? አንቺ ስትታመሚ አልጋሽ ሥር ያደርኩት አቮካዶ ዛፉን ብዬ መሰለሽ?"

አላለቀሰችም። ብታለቅስ የማውቀው ነገር ነበር፣ እንዴት እንደማባብላት አውቃለሁ። ደክሞኛል፣ ልተኛ አለች። ተነሳሁ። በሩ ላይ፣ እንዳትመጪ ደግሞ፣ እኔ ስፈልግ እደውላለሁ አለችኝ።

መንገዱን በእግሬ ተመለስኩ። ዘነበብኝ።

ነሐሴ 4፣ ሰኞ

ለሱኒታም በሦስታችን ግሩፕ ጻፍኩ። ሁሉንም። ረጅም ሆነ።

ሁለቱም አንብበውታል። ማንም አልመለሰም። ያ ግሩፕ ውስጥ የመጨረሻው ጽሑፍ የእኔ ውሸት ዝርዝር ሆኖ ተቀምጧል፣ ከላዩ የሦስታችን ፎቶ።

ነሐሴ 5፣ ማክሰኞ

አልደወለችም። አቻ ግምቱ አልቋል፣ ነይና ውሰጂ ተባልኩ። ወሰድኩ። ማኅተሙን አየሁት። ምንም አልተሰማኝም።

ነሐሴ 6፣ ረቡዕ፣ 11 ሰ.

ሳ. ደወለች። ለአባባ።

የካምፓላው ፈቃድ መጥቷል። ዓርብ ትበራለች። ከመሄዷ በፊት አባባንና እማዬን ቤታቸው መጥታ መሰናበት ትፈልጋለች። ነገ 4 ሰዓት አየር ጤና ፌርማታ ትወርዳለች። አባባ እጁን እየታጠበ ነው የነገረኝ። ስለ እኔ ምን አለች አልኩ። ፎጣውን ፈለገ፣ ቆይቶ ምንም አላለችም አለ።

እማዬ ተነሳች። ኧረ ጉዴ፣ በየት በኩል ትገባለች፣ ይኼ ሁሉ ኮተት! ማዳበሪያዎቹ ወደ ጓሮ ይሂዱ፣ ከጎረቤት ሶፋ እንዋስ፣ ሚዛኑ በሸራ ይሸፈን። እኔም አብሬ ጀመርኩ። ሁለት ማዳበሪያ ጎትቻለሁ። ሦስተኛውን ስይዝ አባባን አየሁት። ደጃፉ ላይ ቆሟል። አያግዝም፣ አይከለክልም። ዕቃው ሲሸሸግ ያያል፣ እንደ እንግዳ።

ለቀቅሁት። እማዬ፣ በቃ ይቅር አልኩ። ሰው እየመጣ እንዴት ይቀራል አለች። የጎተትኳቸውን ሁለቱን መልሼ ወደ ቦታቸው አመጣሁ። እማዬ ተቆጥታ ገባች። አባባ መጥቶ የአንደኛውን አፍ አስተካከለ።

ነገ ሊቀበላት አባባ ነበር የሚወጣው። እኔ እሄዳለሁ አልኩት። አየኝ። እንዳትመጪ ብላሽ የለም አለ። ብላኛለች አልኩ።

ምን እንደምላት አላውቅም፣ አላዘጋጀሁም። ሰላም ካላለችኝ አልለምናትም። የምትመጣው ለእኔ አይደለም፣ ይገባኛል። ዝም ብላኝ ካለፈችም ትለፍ፤ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሆኜ እሄዳለሁ። ከፌርማታው እስከ ቤታችን ጭቃ ነው፣ ሦስት ቦታ ይታጠፋል፣ መንገዱን አታውቀውም።